አዮዲን ውጬ ቤቴል የሰነበትኩበት ክረምት

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መሄድ ለብዙ ሰው ወሬ አይሆንም። ነጋዴው በየሳምንቱ ይመላለሳል፤ ተማሪው ዓመት በመጣ ቁጥር ይወጣል ይገባል። እኔ ባለፈው ክረምት የሄድኩት ግን ለአንዲት ክኒን ነው። ክኒኗን ከዋጥኩ በኋላ ሰው አጠገብ መቀመጥ የማልችል እንግዳ ሆኜ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሰነበትኩ። መምህራን ክፍል ውስጥ ቆራርጬ ያወራሁትን "እስቲ ከነመንገዱ ጻፊው" ስላላችሁኝ ይኸው ጻፍኩት።

ለማታውቁኝ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ አይሶቶፕ የሚለው ትምህርት ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ አዮዲንን እጽፋለሁ፦ ሃምሳ ሦስት ፕሮቶን። ከዚያ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንደኛው ሰባ አራት ኒውትሮን ያለው፣ ከጨው ጋር የምንበላው፣ ዘላለሙን ፀጥ ብሎ የሚኖር ነው። ሁለተኛው በአራት ኒውትሮን ይበልጠዋል፤ በዚያች ትርፍ የተነሳ መርጋት ያቅተውና ጨረር እየረጨ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። "ሰውነታችን ሁለቱን አይለያቸውም" እላለሁ ለተማሪዎቼ። "ሁለቱንም እኩል ወደ አንገታችን ዕጢ ይወስዳቸዋል።"

የራሴ የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት ስትጀምር ግን ቶሎ አልገባኝም። ልብሴ ሰፋኝ። በማርቆስ ብርድ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ጠመኔ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልቤ ቁጭ ባልኩበት ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ሁለት ዓመት ክኒን ዋጥኩ፤ ባቆምኩት ቁጥር ሕመሙ ይመለሳል። በመጨረሻ ሐኪሜ፣ "ዕጢዋን በገዛ ምግቧ ብናደክማት ይሻላል። ጨረር ያለው አዮዲን አዲስ አበባ ይሰጥሻል" አለኝ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈውና ስሰርዘው የኖርኩትን ማለቱ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት፣ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ልጄ ሰናይት አምስት ዓመቷ ነው፤ ተኝታ ነበር፣ አልቀሰቀስኳትም። ባለቤቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ከሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣና አዮዲን ያለው ጨው እንዳልቀምስ ታዝዣለሁ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ትዕዛዙን ግማሽ በግማሽ ጾሙ ሠርቶልኛል። የቀረው ጨው ነው። ለዚያም ከገበያ አንድ ጉማጅ አሞሌ፣ ያንን ለከብት የሚያልሱትን፣ ገዝቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ስንወርድ ጉሙ ከሸለቆው እየተነሳ መስኮታችንን ይዳስሳል። ቀድሞ የምወስደውን ክኒን አቁሚ ተብዬ ስለነበር ልቤ በራሱ ፍጥነት ይሮጣል፤ አውቶቡሱ ደግሞ በቀስታ ይጠማዘዛል። ሁለቱ አልገጥም ብለውኝ ተኝቼም ነቅቼም መሰለኝ። ድልድዩን መቼ እንደተሻገርን አላውቅም። ስነቃ ዳገቱ ላይ ነን፤ ዝናቡ የአውቶቡሱን ጣሪያ ይደበድባል። ሻንጣዬ እዚያ ጣሪያ ላይ ነው።

ፍቼ ለምሳ ወረድን። አስተናጋጇን ጠርቼ፣ "ሽሮ፣ ግን ጨው ሳይገባበት" አልኳት።

"ያለ ጨው? ምን በድዬሽ ነው እንዲህ የምታዋርጂኝ?" ብላ ሳቀች።

"ሐኪም ከልክሎኝ ነው።"

ብርጭቆውን ሳነሳ እጄን አየችው፤ ሳቋ ጠፋ። ድስቱ ጨው ገብቶበት ስለነበር ለእኔ ብቻ በትንሽ ድስት እንደ አዲስ ሠራችልኝ። ሁለት ቃሪያ ጎን ላይ አድርጋ፣ "ይሄ ጨዉን ያስረሳሻል" አለችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት አውቶቡሱ ጠራን። ያን ቀን ከበላሁት ሁሉ የሚታወሰኝ ያ ሽሮ ነው።

አዲስ አበባ ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሙሉጌታ የሚኖረው ዓለም ባንክ ነው። እኛ አገር ሆኜ ስሙን ስሰማ የሚታየኝ ትልቅ የመስታወት ሕንፃ ነበር። ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት "ዓለም ባንክ! ወራጅ!" ሲል ብወርድ ያገኘሁት ኮንዶሚኒየም፣ ጭቃ፣ የብሎኬት ክምርና ጥብስ በቆሎ ነው። ሙሉጌታ ፌርማታው ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ሕፃን ሳለ አዝዬዋለሁ፤ ዛሬም "እታበባ" ነው የሚለኝ።

አራት ፎቅ ወጣን። በየፎቁ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። በሩን የከፈተችልን ሚስቱ ሄለን ናት፤ ሆዷ ቀድሟት ወጣ። ሰባተኛ ወሯ ውስጥ ነበረች።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሙሉጌታን ዞሬ አየሁት። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

"አልመጣም ነበር።"

"እኮ! ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።"

ቤቱ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ባኞ ነው። ከሆስፒታል የተላከልኝ ወረቀት ደግሞ ብቻዬን ክፍል እንድተኛ፣ መጸዳጃዬ የተለየ እንዲሆን፣ ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር እንድርቅ ያዝዛል። ሄለን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

"እንግዳ አስወጣች ሊሉኝ ነው" አለች። "ዘመድ! ያውም ታማ የመጣች!"

"ማንም አላስወጣኝም። እስከ ነገ ወዲያ ድረስ እንደማንኛውም ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን እዚህ ቤት አልገባም" አልኳት።

ሻንጣዬን ስከፍት ጋዜጣው እርጥብ ነው። አሞሌዬ ቀልጦ ልብሴ ላይ ፈሷል። ቀሚሶቼ ሲደርቁ እንደ ካርቶን ቆሙ።

ሁለተኛው ቀን

"ቤርጎ እንያዝልሽ" አለ ሙሉጌታ ጠዋት። እውነት ለመናገር አሰብኩበት። ክፍሌን ዘግቼ ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ከእኔ በኋላ አንሶላውን የምታነሳው ልጅ እንደ ሄለን ብትሆንስ? እንቢ አልኩ።

ያኔ ሙሉጌታ ላጤ ሳለ ተከራይቶበት የነበረ ሰርቪስ ቤት ትዝ አለው። ቤቴል፣ ከእትዬ ጫልቱ ግቢ። ስልክ አልደወለም። "ይሄ ነገር በስልክ አይነገርም" ብሎ ይዞኝ ሄደ።

ግቢያቸው ውስጥ እንሰት አለ። ማርቆስ እንሰት በየጓሮው ስለማይታይ ሙዝ መስሎኝ "ፍሬው ደረሰ?" ብዬ አሳቅኳቸው። እትዬ ጫልቱ ሰፊ ፊት፣ ቀስ ያለ አነጋገር አላቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ጉተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ተቀመጪ ተብዬ ስቀመጥ የመጣሁበትን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

"ይሄ ነገር ይተላለፋል?" አሉኝ እትዬ ጫልቱ።

"በሽታው አይተላለፍም። መድኃኒቱ ግን ከሰውነቴ እስኪወጣ ጨረር ይረጫል። ከራቃችሁኝ ምንም አትሆኑም። የምፈራው ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ነው።"

"እዚህ ቤት ሕፃን የለም። እኔም ስልሳ ስምንት ሞልቶኛል፤ ከእንግዲህ ካረገዝኩማ ቴሌቪዥን ነው የምቀርበው!"

ሙሉጌታ መሬት መሬት እያየ ሳቀ። ጋሽ ጉተማ ግን አልሳቁም፤ እያሰቡ ነበር። "ሁለቱም አዮዲን ናቸው ካልሽ፣ አንዱ እንዴት ሰላማዊ ሆነ? ሌላው እንዴት አስፈሪ ሆነ?"

"ለመብላት፣ ለመሟሟት፣ ከሌላ ጋር ለመያያዝ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ጋሼ። ልዩነቱ ውስጡ ነው። የአንዱ ውስጥ ረግቷል። የሌላው አልረጋም፤ አንድ ቀን አንዷ ኒውትሮን ፕሮቶን ትሆንበታለች። ያን ጊዜ ጨረሩ ይወጣል፣ አዮዲንነቱም ያበቃል።"

"ከዚያስ?"

"ዜኖን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከማንም ጋር አይያያዝም። በትንፋሼ ይወጣል።"

ጋሽ ጉተማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተው ወደ ሰርቪሱ ሄዱ። ከደጃፉ ጀምረው በሜትራቸው ለኩ፤ ሁለት ሜትር ላይ አንድ ብሎኬት አስቀመጡ። "የእኔ መቀመጫ ይሄ ነው" አሉ። መፈቀዱን ያወቅኩት በዚህ ነው።

የአሞሌውን ነገር የሰሙት ሲሸኙን ነው። እትዬ ጫልቱ ከብት የሚያደልብ ጎረቤታቸው ዘንድ ሰው ላኩ። "ለየትኛው በሬ ነው?" ብሎ ጠየቀ አሉ። "ለመምህርት ነው" ተባለለት። ሰውየው ግራ ቢጋባም ጨዉን አልከለከለም።

ሦስተኛው ቀን

ሆስፒታሉ ውስጥ ያስጠበቁኝ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ ለእኔ ግን ክረምቱን ያህል ረዘመ። ሐኪሟ ወጣት ናት። እርጉዝ አለመሆኔን በምርመራ አረጋግጣ፣ አንገቴን ዳስሳ፣ የማደርገውንና የማላደርገውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። አስተማሪ መሆኔን ስትሰማ፣ "እንግዲያው እርስዎ ለእኔ ያስረዱኝ" ብላ ቀለደች።

ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ፣ ቁመቱ ከስኒ የማይበልጥ ግን በሁለት እጅ የሚነሳ ከባድ ዕቃ አመጡ። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ብልቃጡ ውስጥ አንዲት ክኒን። በእጄ ሳልነካት ከብልቃጡ ወደ አፌ ገለበጥኳት፤ ውኃ ጠጣሁበት። አልሞቀም፣ አልመረረም፣ አላበራም።

"ይኸው ነው?" አልኩ።

"ይኸው ነው" አለችኝ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። "ከአሁን ጀምሮ እርቅዎታለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።"

የጨረር መለኪያ መሣሪያቸውን ወደ አንገቴ ሲያቀርቡት እንደ ጫጩት መንጫጫት ጀመረ። እንባዬ መጣ። ፍርሃት አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ከመጽሐፍ ያወራሁለት ነገር፣ ዓይን የማያየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አሰማኝ። ከእኔ ውስጥ ሆኖ።

ሙሉጌታ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ነበር። እኔ ከኋላ በስተቀኝ ጥግ፣ ለሾፌሩም ነግረነው መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ሄድን። ከተማው በመስኮቱ አለፈ፤ የአጠና ክምር፣ በጃንጥላ የሚሮጡ ሰዎች፣ እርጥብ ቆርቆሮ። ሁሉም ከውኃ ሥር ያሉ መሰሉኝ።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን

ሰርቪስ ቤቷ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ መስኮት አላት። ሽንት ቤቷ ከጎኗ ነው፤ ውኃ በተራ ስለሚመጣ ጋሽ ጉተማ በርሜል ሞልተው ጠብቀውኛል። ብዙ ውኃ እጠጣለሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ውኃ እደፋለሁ፣ ሳህኔን ራሴ አጥባለሁ። ምግቤ ብሎኬቱ ላይ ይቀመጥና እትዬ ጫልቱ ወደ ኋላ ሲመለሱ ወጥቼ አነሳለሁ። አስተማሪ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለም። ዝም ማለት ይከብደኝ ነበርና የመጀመሪያውን ቀን ለራሴ ሳስተምር ዋልኩ።

ከዚያ ዝምታው ለመደኝ። ማርቆስ ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ እዚህ ግን ድንገት ጣሪያው ላይ ነው። ከግራ በኩል የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ከቀኝ በኩል የፕሮቴስታንቶቹ መዘምራን ይለማመዳሉ፤ እትዬ ጫልቱና ባለቤታቸው የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። ሁለቱ ዜማዎች ግቢው መካከል፣ እንሰቱ ላይ ይገናኛሉ። በመካከሉ "ቆራሌው!" የሚል የአሮጌ ዕቃ ገዢ ያልፋል። ነፋሱ ዞሮ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ሲነፍስ መስኮቴን እዘጋለሁ፤ ሲመለስ እከፍታለሁ። የእኛ አገር ነፋስ የሚያመጣው የእርጥብ ገብስ ሽታ ነውና መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ በማግሥቱ ግን ሰዓት ለማወቂያ ሆነኝ።

እየነቃሁ እየተኛሁ አንድ ነገር አስብ ነበር። በዚህች ቅጽበት፣ አንገቴ ውስጥ አንድ አዮዲን ዜኖን ሆነ። ተነፈስኩት። ጣሪያውን አልፎ፣ ከዝናቡ በላይ ሄደ። ሌላው ደግሞ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ተራው መቼ እንደሆነ ራሱም አያውቅ።

ጋሽ ጉተማ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ይዘው ብሎኬታቸው ላይ ይቀመጣሉ።

"መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"በስምንት ቀን ግማሹ ይሄዳል። በሌላ ስምንት ቀን የቀረው ግማሽ፣ ግማሹ ይሄዳል።"

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው አጠፉት። ደግመው አጠፉት። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ጣታቸው መካከል ትንሽ ጥቅልል ቀረች። "እንደዚህ ከሆነ እኮ አያልቅም!"

"በስሌት አያልቅም፣ ጋሼ። ግን ሰውነትም በሽንት በላብ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ያንሳል። ያንስና ለማንም የማያሰጋ ይሆናል።"

"አንሶ የማያሰጋ መሆን ይበቃል" አሉ። ሜትራቸውን ዘርግተው መልሰው አንገታቸው ላይ አደረጉት።

ስድስተኛው ቀን

ከምሳ በኋላ ልቤ ተነሳ። እስከዚያን ቀን ከለመድኩት የተለየ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ጉሮሮዬ አብጧል፣ ጣቶቼ ስልኬን መጫን አቃታቸው። ወደ ባለቤቴ ልደውል ስል ተሳስቼ ሐኪሟ ላይ ደወልኩ። ዕጢዋ ስትጎዳ ያከማቸችውን እንደምትለቅ፣ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ነገረችኝ። የልብ ምት የሚያረጋጋውን ክኒን እንድውጥና ካልተሻለኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንድመጣ አዘዘችኝ። ክኒኑ ወንበሩ ላይ ነው፤ ወንበሩ ግን የሩቅ አገር ያህል ራቀኝ።

እትዬ ጫልቱ ሳህን ሊወስዱ መጥተው በመስኮቱ አዩኝ።

"ዋቃዮ! ምን ሆንሽ ልጄ?"

"እንዳይገቡ!" አልኩ። "አሁን ይሻለኛል። እባክዎ እንዳይገቡ።"

ብሎኬቱ ዘንድ ቆሙ። ወደ ትልቁ ቤት አዩ፤ ጋሽ ጉተማ አልነበሩም። ነጠላቸውን አጣፉና ብሎኬቱን አልፈው ገቡ። ክኒኑን ሰጡኝ፣ ውኃውን ደግፈው አጠጡኝ። ከዚያ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ሦስት ቀን ሰው አልነካኝም ነበር። እጃቸው ሻካራ፣ ቀዝቃዛ፣ የሽንኩርት ሽታ ያለው ነው።

"እትዬ፣ ይውጡ፤ ለእርስዎ ጥሩ አይደለም" አልኳቸው።

"እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን ልብሽ ይስማኝ።" በኦሮምኛ አጭር ጸሎት አደረጉ። ቃሉ አልገባኝም፤ ድምፁ ግን ቀስ በቀስ እየወረደ የእኔን ልብ ይዞት ወረደ። ወይም ክኒኑ ሥራውን ጀምሮ ይሆናል። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ "ለጉተማ እንዳትነግሪ፤ በሜትር ይቀጣኛል" አሉኝ።

ለሐኪሟ ነገርኳት። ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ በእሳቸው ዕድሜ እንደማያሰጋ አረጋገጠችልኝ። ያኔ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ሰባተኛው ቀን

የቡሄ ዋዜማ ነው። ከሰዓት በኋላ ሕፃናት በዱላቸው መሬቱን እየወቀጡ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ወደ ግቢው መጡ። ጋሽ ጉተማ በዚህ በዓል ጨፋሪ አስተናግደው አያውቁም፤ በእኔ ምክንያት ግን በሩ ላይ ተገትረው፣ ወደ ውስጥ አንድም እንዳያልፍ አንድ ሙሉ ዳቦ ቆርሰው አደሏቸው። ሕፃናቱ ደስ ብሏቸው ረጅም ምርቃት መረቁ። ጋሽ ጉተማ ኮፍያቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

እነሱ እንደሄዱ የግቢው በር እንደገና ተንኳኳ። ጋሽ ጉተማ ዳቦ ሊጨምሩ ገብተው ነበርና ማንም ሳያያት ሄለን ገባች። በአንድ እጇ ሙልሙል ዳቦ፣ በሌላው ፔርሙስ ይዛ፣ በጭቃው እየተንሸራተተች በቀጥታ ወደ ክፍሌ መጣች። ሳያት ዘልዬ ተነሳሁና መቀርቀሪያውን ወረወርኩት።

"እታበባ? ሄለን ነኝ። ክፈቺልኝ።"

"አልከፍትም። ተመለሺ!"

ትንፋሿ ከእንጨቱ ወዲያ ይሰማኛል። "ተቀይመሽኛል" አለች። "አውቄያለሁ። የዚያን ቀን ሳለቅስ ለራሴ መስሎሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ሾርባ ሠርቼልሻለሁ፤ አንዴ ልሳምሽና ልሂድ።"

"ሄለንዬ፣ በሩ ላይ አትቁሚ። የያዝሽውን ልጅ አስቢ!"

"ካልተቀየምሽኝ ለምን አታይኝም?"

ይህን ስንት ጊዜ ለተማሪ አስረድቻለሁ፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ በአራት እጅ ይቀንሳል ብዬ። ለምታለቅስ ሴት በበር ቀዳዳ እንዴት ይነገራል? ወደ ኋላው ግድግዳ ሸሸሁ። አልጋው ላይ ወጥቼ ቆምኩና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፦

"ሄለን! ስለምወድሽ ነው የማልከፍትልሽ! ሂጂ!"

ጩኸቴን ሰምተው ጋሽ ጉተማ ሮጠው ወጡ። ዳቦውንም ፔርሙሱንም ተቀበሏት። ክንዷን ይዘው እስከ ግቢው በር ወሰዷት፤ ከአጥሩ ጥግ፣ ከእንሰቱ ወዲያ ወንበር አምጥተው አስቀመጧት፣ ጃንጥላ ዘረጉላት። ከዚያ ተመልሰው በሩቅ፣ "አሁን መስኮትሽን ክፈቺ፤ ከዚህ እስከዚያ ለክቻለሁ" አሉኝ።

መስኮቱን ከፈትኩ። በግቢው ርዝመት፣ በካፊያው ውስጥ፣ እየጮህን አወራን። ስለ ሾርባው፣ ስለ እግሯ ማበጥ፣ ስለ ሙሉጌታ ማንኮራፋት። ጎረቤት ሁሉ ሰማን። ስትሄድ መዳፏን ስማ ወደ እኔ በትንፋሿ ላከችው፤ እኔም ላክሁላት። ሾርባው ግን በርበሬው በዝቶበት ነበር፤ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሥራ አንደኛው ቀን

በመካከሉ ያሉት ቀናት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ጾሙ ተፈታ፤ እትዬ ጫልቱ ዶሮ ብሎኬቱ ላይ አስቀመጡልኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ክኒኗን ከዋጥኩ በስምንተኛው፣ ሆስፒታል ሄጄ ለኩኝ። መሣሪያው አሁንም ይንጫጫል፤ ግን ዘግየት፣ ሳሳ ብሏል። "ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ" አለችኝ ሐኪሟ። "ልጅዎን ማቀፍ ይችላሉ፣ ለአጭር ጊዜ። አብሮ መተኛትና ረጅም ሰዓት ማዘል ግን ለጥቂት ቀናት ይቅርብዎ።"

አንሶላዎቹን አጠብኩ፣ ወለሉን ወለወልኩ። እትዬ ጫልቱ በማግሥቱ ጠዋት ሸኙኝ። ጋሽ ጉተማ እስከ ታክሲው ሻንጣዬን ተሸከሙ። "አሁን ሁለት ሜትር አያስፈልግም" ብዬ እጃቸውን ልስም ስጎነበስ፣ ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝና፣ "እኔ ነኝ የአስተማሪዬን እጅ የምስመው" አሉ። ሳሙኝም።

አሥራ ሁለተኛው ቀን

ጫንጮ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተሳፈረችና አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ያዘች። ወዲያው ተነሳሁ። ፊቷ ተለወጠ፤ የተጠየፍኳት መስሏት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ያን ማየት አልቻልኩም። አውቶቡሱ እየሰማ፣ "እህቴ፣ መድኃኒት ወስጄ ነው። ለእኔ ጥሩ ነው፣ ለሕፃን ግን አይሆንም። መስኮቱን አንቺ ያዢው" አልኳት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ "ነይ ወዲህ" አሉ። "እኔ ሕፃን መሆን ካቆምኩ ቆየሁ።" እስከ ማርቆስ ድረስ ስለ በቅሏቸው ሲያጫውቱኝ መጡ።

ይህን የምጽፈው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ዕጢዬ ደክማለች፤ እንዲያውም አብዝታ ደከመችና አሁን ጠዋት ጠዋት የምትተካልኝን አንዲት ትንሽ ክኒን እውጣለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ነው አሉኝ። ይሁን። ልቤ ቦታው ላይ ነው። ሄለን በሰላም ተገላግላለች፤ ልጇ ሴት ናት።

የዚያን ዕለት መናኸሪያ ስንገባ ባለቤቴ የሰናይትን እጅ ይዞ ቆሟል። ገና ከደረጃው ሳልወርድ አመለጠችውና ኩሬውን ረግጣ፣ በሰው እግር መካከል ሾልካ መጣች። ለአጭር ጊዜ፣ ብላኛለች ሐኪሟ። እስከ አሥር ቆጥሬ ልለቃት ወስኜ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ አቀፍኳት። ቆጠርኩ። አሥር አልፏል መሰለኝ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

"እማዬ" አለችኝ ሰናይት፣ "ልቀቂኝ እንጂ፤ አፈንሽኝ!"